የቁልፍ ተራ ይከበር

በጉለሌ ጠባብ መንገድ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ተፋጥጠው አንዱም ወደ ኋላ አልልም ቢል ሁለቱም ቆመው ይውላሉ። በኦፕሬቲንግ ሲስተም የማኅደረ ትውስታ ክፍልም አንዱ ሥራ የያዘውን ቁልፍ ሳይለቅ የሌላውን ሲጠብቅ፥ ሌላውም እንዲሁ ሲያደርግ ሁለቱ ይተሳሰራሉ፤ ይኸውም ዴድሎክ ነው።

አጥፍቶ ማስነሣት በሽታውን መሸሸግ እንጂ ማዳን አይደለም። መድኃኒቱ ቁልፎችን ሁልጊዜ በአንድ ተራ መያዝ ነው። የሊኑክስ ጸሐፊዎች ይህን ተራ በኮዱ ውስጥ ጽፈውታል፤ ኤምማፕ ሎክ ከፔጅ ቴብል ሎክ ይቀድማል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህም ሎክዴፕ የተባለው መርማሪ ተራ የጣሰውን ኮድ ገና ማሽኑ ሳይቆም ያጋልጣል።

መምህራን ሆይ፤ አራቱን የዴድሎክ ሁኔታዎች በቃል ማስያዝ ብቻ አይበቃምና ኮዱንም አብረን እናንብብ።