ከጭራቁ የባሰ አለ

አስፈሪ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጭራቁ እንዴት ነው? በደንብ ያሳዩታል?» እኛ ደግሞ እንላለን፦ በደንብ ያሳዩት ጭራቅ ቶሎ ይለመዳል። ማስረጃችን እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ነው። (ያላያችሁት ካላችሁ ታሪኩን ልናወራው ነውና እዚህ ላይ ብታቆሙ አንቀየምም።)

እስቲ መጀመሪያ ሰዎቹን እንያቸው። ኖስትሮሞ የምትባለው መንኮራኩር ላይ ያሉት ሰባት ሰዎችና አንድ ድመት ናቸው። ጀግና የሚባል የለም። ጭነት ጎትተው ወደ ምድር የሚመለሱ ሠራተኞች ናቸው፤ ከከባድ መኪና ሹፌርና ረዳት በምን ይለያሉ? ያጨሳሉ፣ ይነታረካሉ። ሞተር ክፍል የሚሠሩት ሁለቱ ደግሞ ከረጅሙ እንቅልፋቸው ነቅተው ብዙም ሳይቆዩ የሚያነሱት የቦነስ ጉዳይ ነው! እናላችሁ፣ ጭራቁ ሲመጣ የምንፈራው ለምናውቃቸው ሰዎች ነው።

ቀጥሎ መደበቁ አለ። ፍጡሩን የነደፈው ስዊዘርላንዳዊው ኤች. አር. ጊገር ነው። ልብሱን የለበሰው ደግሞ ቦላጂ ባዴጆ የተባለ ናይጄሪያዊ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ የዲዛይን ተማሪ ነበር። ስኮት ይህን ሁሉ ልፋት ወስዶ ጨለማ ውስጥ ከተተው። አንዴ ጥርስ፣ አንዴ ጅራት፣ አንዴ ጥላ... ሙሉ ቁመናውን የምናየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። የቀረውን የራሳችን ጭንቅላት ይሞላዋል፤ እሱ ደግሞ አይራራልንም።

«ደረት ሰንጥቆ የሚወጣበትስ? እሱ መቼ ተደበቀ?» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፣ እሱ ፊት ለፊት ነው። ግን የት እንደሆነ ልብ በሉ፤ ማዕድ ላይ! እየበሉና እየሳቁ፣ «ተረፍን» ብለው ባመኑበት ሰዓት።

ከሁሉም የከፋው ግን ደም የለበትም። ሪፕሊ (ሲገርኒ ዊቨር) ከኮምፒውተሩ ላይ የድርጅቱን ትዕዛዝ ታነባለች፦ ፍጡሩ ይምጣ፣ ሠራተኞቹ ቢያልቁም ግድ የለም። ጭራቁ የሚገድለው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው፤ ድርጅቱ ግን አስልቶ ነው። ቦነስ ሲጠይቁ የነበሩት ሰዎች ዋጋቸው ስንት እንደሆነ እዚያች ስክሪን ላይ ተጽፏል። ተማሪ ሳለን ያየነው ለጭራቁ ብለን ነበር። ሥራ ከያዝን በኋላ ስናየው ግን እንቅልፍ የነሳን ያ ትዕዛዝ ነው።

ስለዚህ አስፈሪ ፊልም ለመሥራት የምታስቡ ጓደኞቻችን፣ «ጭራቅ መሥሪያ ገንዘብ የለንም» ብላችሁ አትተዉት። ጨለማ በነፃ ነው። መጀመሪያ ግን ደሞዙ የሚያሳስበው አንድ ሰው ፍጠሩልን፤ ለእሱ መፍራቱን ለእኛ ተዉት።