ሁሉን ጭኜላችኋለሁ

ጎበዝ፣ ሰሞኑን ላፕቶፕ ገዛን። "ከየት አምጥታችሁ?" እንዳትሉን፣ ገንዘቡ የእኛ አይደለም፤ የእድር ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ያለ አንድ እድር የአባላቱን መዝገብ፣ ደንቡንና ቃለ ጉባኤውን ሲያኖርበት የከረመው ዴስክቶፕ እንደ አሮጌ አይሱዙ እያጓራ፣ አንድ ቀን እየተነሣ ሁለት ቀን እየተኛ ሲያስቸግር፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "ኮምፒውተር የሚችሉ ልጆች ይጠሩልን" አሉ። እኛ ተጠራን። በሰፈር ፌስቡክ መክፈት የቻለ ሁሉ ኮምፒውተር የሚችል ነውና ማዕረጉን ሳንግደረደር ተቀበልን።

ለግዢው የሄድነው ሦስት ነን፤ አራተኛው ገንዘቡን የያዙት የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ብሩን በጋዜጣ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከትተው፣ በየአምስት እርምጃው ደረታቸውን እየዳበሱ ወደ መርካቶ አመራን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከሃምሳዎቹ ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ከዚያ በፊት የተዋጣ ገንዘብ ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ አይገዛም። ስለዚህ "አዲስ" ስንል ለእኛ አዲስ ማለታችን ነው። ከባሕር ማዶ ቢሮ ወጥቶ፣ ተወልውሎ፣ ቻርጀሩ ተቀይሮ የመጣ ዩዝድ። ነውር የለውም፤ አብዛኛው የከተማችን ተማሪ የሚማረው በዚሁ ነው።

ሻጩ ልጅ ፈጣን ነው፤ አንደበቱም ይጣፍጣል። "አባቴ፣ ምንም አያስቡ፤ ሁሉን ጭኜላችኋለሁ" አላቸው ጋሼን። ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን (ለእድር!)፣ አንቲቫይረሱን፤ ለምርቃት ደግሞ ስድሳ ፊልም። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "ይሄ ሁሉ በዚህችው ዋጋ?" ሲሉ ጠየቁ። ልጁ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ኋላ ስናስበው ግን ያን ቀን ከአፋችን መውጣት የነበረበት ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር፤ የጠየቁት ደግሞ "ኮምፒውተር አይችሉም" የተባሉት ሰውዬ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሆዳችንን እንናገር። እኛ ያደግነው ሃያ ጌም በአንድ ሲዲ ተገልብጦ በሚሸጥበት ዘመን ነው፤ ስለ ክራክ ጻድቅ መስለን ልንሰብክ አይቃጣንም። ነገር ግን ክራክ ሲጫን የመጀመሪያው መመሪያ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ነው የሚለው። ዘበኛውን አስተኝተህ ለማታውቀው ሰው በር ክፈት እንደማለት ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ "ስቶፕ" ወይም "ዲጄቩ" የሚባለው ፋይል ቆልፎ ዶላር የሚጠይቅ ቫይረስ ተራውን ሰው ያጠቃው በዋናነት በክራክ ውስጥ እየተደበቀ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሳምንት ሲቀረው ፋይሎቹ ሁሉ የማያውቁት ቅጥያ ለብሰው የጠበቁት ተማሪ ስለ ቅጂ መብት ትምህርት አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስለዚህ ዩዝድ ስትገዙ "ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ኮር አይ ሰቨን ነው" የሚለው ዜማ አያስክራችሁ፤ "ስንተኛ ትውልድ?" በሉ። ልጁ መጀመሪያ ያወጣልን ስድስተኛ ነበር። ጥቂት ጨምረን ስምንተኛ ወሰድን፤ ጋሼ ያችን ጥቂት ሲቆጥሩ ጣታቸው ከበደ። ባትሪውንም ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው ሪፖርት አየን፤ ሲወለድ ስንት ይይዝ እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። መብራት መሄዱን በቀጠሮ በማያሳውቅበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ዝናብ ስለጀመረ ድልድዩ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባንና የመጀመሪያ ሥራችንን ሠራን። ሥራው ማጥፋት ነው። የተጫነልንን በሙሉ። ጋሼ "ምነው ልጆቼ፣ ሁሉ አለው አላላችሁም?" አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው "ፊልሞቹንስ ማስቀረት አይቻልም ነበር?" አልቻልንም፤ ወይም አልፈለግንም። ደስ የሚለው ግን ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው። ከማይክሮሶፍት ገጽ በወረደ ንጹሕ ኮፒ ዊንዶውሱን እንደገና ስትጭኑት ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን ራሱ ያውቀዋል። የእኛውም አወቀው። ሕጋዊው ፈቃድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው ልጁ የተሰበረ ቁልፍ የሸጠልን! ፈቃድ የሌለው ማሽን ከገጠማችሁም ሊነክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በነፃ አለ። ለደብዳቤና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ደግሞ ሊብረ ኦፊስ ይበቃል፤ እድር ፎቶሾፕ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ሥራ የይለፍ ቃል ነበር። ሊቀ መንበሩ በስልክ "ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ፣ እንዳልረሳ" አሉ። አልፈነው እንሂድ።

ሦስተኛው አማርኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም እዚህ ይጀምራል። ጋሼ ፍላሻቸውን ከቁልፍ መያዣቸው ፈትተው ሰጡን፤ የእድሩ መዝገብ እዚያ ነው። ከፈትነው። ባለ ኮፍያ ኤ፣ የፓውንድ ምልክት፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት፣ ተራ የላቲን ፊደል፤ ገጹ ሙሉ። የአንድ ሰፈር ሰው ስም፣ የመዋጮው ታሪክ፣ ማን ለማን ድንኳን እንደተከለ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጠንቋይ የጻፈው መስሏል። ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ድልድዩ እያዩ "አባ መላ ቢኖሩ መላ ይሉት ነበር" አሉ። አባ መላ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ መጠሪያ ነው፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ያደረጓቸውና በ1919 ዓ.ም. ያረፉት፣ ድልድዩ በስማቸው የሚጠራላቸው። ቀልድ ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ድሮ ፊደላችንን አያውቅም ነበር። የእኛ ሰዎች መላ መቱ፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ የሀን፣ የለን ሥዕል አስቀመጡ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነው ጭንብል የሚያለብሰው። ወንበሩ ደግሞ ከሁለት መቶ ምናምን አይበልጥም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፣ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይጨመር። ስለዚህ አንዳንዱ ፎንት ለሁለት ተከፍሎ ይሠራ ነበር፤ እያንዳንዱ ባለሙያም ፊደሉን በየፊናው አስቀመጠ። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ጭንብሉ ይወልቃል። ሰዎቹን አንወቅስም፤ ያን ዘመን ጋዜጣውም መጽሐፉም የታተመው በእነሱ ብልሃት ነው። ከእነሱ በፊትም ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ታግለዋል፤ ጋሼም ጣታቸው የተፍታታው በታይፕ መምታት ነው።

የምንወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሦስተኛ እትሙ ለፊደላችን ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም ማሽን ሀ ሀ ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ዛሬ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ቋንቋ ላይ አማርኛን መጨመርና የዊንዶውስ ቁልፉን ከስፔስ ጋር መንካት ብቻ ነው። ኪቦርዱ ካልተመቻችሁ ኪይማን በነፃ አለ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ ዛሬም በአሮጌው ፎንት ደብዳቤ የሚያወጣ ቢሮ አለ። "ፎንት እጭንልሃለሁ" ብሎ የሚያስከፍል ሱቅ አለ። ትምህርት ቤቱ ወርድን ሲያስተምር በእንግሊዝኛ አስተምሮ፣ የራስን ቋንቋ መተየብ እንደ ትርፍ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። እኛስ? እኛ "ኮምፒውተር የሚችሉ ልጆች" ለእናታችን የምንልከውን ሰላምታ እንኳ በላቲን ነው የምንጽፈው። ጋሼ በስተርጅና በሁለት ጣት እየለቀሙ መቶ ምናምን ገጽ በአማርኛ ጽፈዋል፤ በተሳሳተ ወንበር ላይ ቢሆንም ጽፈዋል።

መላው ተገኘ፤ ተአምር የለውም። እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ምንም አትንኩ፤ "ምናልባት ይስተካከል" ብላችሁ ፎንት አትቀያይሩ፣ ሴቭም አታድርጉ። ወርድ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙን ከላይ ያሳያል። ስሙን ይዘን ወደ አሮጌው ዴስክቶፕ ሄድን፤ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ፎንቱን ከፎንት ማኅደሩ ገልብጠን ወደ ላፕቶፑ አመጣን። ጽሑፉ ታየ። ጋሼ "ተመስገን" አሉ። ግን ይህ ጭንብሉን መመለስ ነው እንጂ መዳን አይደለም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሞከርን፤ ደንቡ ደህና ሆኖ ወጣ። የአባላቱ ዝርዝር ግን ከሁለት ፎንት ተቀላቅሎ የተጻፈ ስለነበር ተቀይሮ ሲመጣ ካሳዬ ከሳዬ፣ ሌላውም ሌላ ሆነ። ስም ደግሞ በግምት አይታረምም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በየቤታችሁ አልጋ ሥር፣ በየቢሮው ጥግ፣ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ ውስጥ ስንት የአባት ማስታወሻ፣ ስንት የእድርና የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ስንት መመረቂያ ጽሑፍ አለ? የሚነሣ ከሆነ ዛሬ አስነሡት። ሌላው ቢቀር እዚያው ሆናችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ መልኩ ይተርፋል። ፎንቱንም ከፋይሉ ጋር ገልብጡ። ከዚያ ሌላ ቤት አንድ ኮፒ አስቀምጡ፤ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየ ሰው ወረቀትም ሃርድ ዲስክም እኩል እንደሚነድ ያውቃል። አዲስ ላፕቶፕ ሲገባ አሮጌውን ለቁራሊዮ ለመስጠት አትቸኩሉ።

(ሳንረሳው፦ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ኮሎን የምትደረድሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አራት ነጥብ ኪቦርዱ ላይ አለች፤ አይታችሁ ሰላም በሏት።)

ዝርዝሩን እንደ አዲስ እየጻፍነው ነው። ማታ ማታ ጋሼ ቤት እንሰበሰባለን፤ እሳቸው በ1990ዎቹ ያተሙትን ወረቀት ይዘው ያነባሉ፣ ከእኛ አንዱ ይተይባል፣ ሌላው ያርማል። ማንበቡ ግን ማንበብ ብቻ አይደለም። "ይቺ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር፤ ቅጽል ስሟን እንዳትጽፉ፣ ትቆጣ ነበር።" "ይሄ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ወጥቶ ሩቅ ነው የደረሰው፤ መዋጮውን ግን በስልክ ይልካል፤ አትሰርዙት።" አንዳንዱ ስም ላይ ቡናው እስኪፈላ እንቆያለን። ትናንት አንድ ስም ጽፈን ወደሚቀጥለው ስናልፍ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። የአባቱ ስም ወልደ ሥላሴ ነው፤ እኛ በእሳቱ ሰ ጽፈነው ነበር። ለኮምፒውተሩ ሰና ሠ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸውና ነገ ሲፈለግ አይገኝም ብለን ልናስረዳ ስንል ቀደሙን።

"በንጉሡ ሠ ነው ልጆቼ። እሱ ራሱ ሲፈርም እንዲያ ነበር የሚጽፈው።"

ተመልሰን አረምነው። ገጽ ስድስት ላይ ነን።