ከታችኛው ሳጥን እጃችን ይነሣ

ይድረስ በምዕራብ ዓባያ ወረዳ ለምትሠሩ የንብ ልማት ባለሙያዎች፣ ለአናቢዎች ማኅበራት መሪዎች፣ ዘመናዊ ቀፎ ገዝታችሁ ለአርሶ አደሩ ለምታከፋፍሉ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ለእኔ ብጤ አናቢዎች በሙሉ።

በየዓመቱ ጥር ሲጋመስ ከብርብር ገበያ እስከ ዓባያ ሐይቅ ዳር አንድ ወሬ ይሰማል፤ “ንቡ ጠፋ፣ ቀፎው ባዶውን ቀረ” የሚል። ጥፋቱ አንዴ በሙቀቱ፣ አንዴ በጉንዳኑ ይሳበባል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቆላ ንብ ዘሩ ኮብላይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሙቀቱም ጉንዳኑም እውነት ናቸው። ከሁሉ በፊት ንቡን የሚያባርረው ግን የእኛ የማር አቆራረጥ ነው። በኅዳር እስከ ታችኛው ሳጥን ድረስ ጠራርገን እንቆርጣለን፤ በበጋው ንቡ የሚበላው ያጣል፤ በመጋቢት ዝናቡ ሲመጣና አበባው ሲፈነዳ የሚቀስም ንብ የለንም። ይህ አሠራር እንዲቆም ነው የምጽፍላችሁ።

የቆረጣውን ሌሊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማጨሻው ይቀጣጠላል፣ ክዳኑ ይነሣል፣ የላይኛው ሳጥን ፍሬሞች አንድ በአንድ ይወጣሉ። የላይኛው ሳጥን የተሠራው ለዚሁ ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ነውር የለውም። ነውሩ የሚጀምረው ባልዲው አልሞላ ሲል ነው። ያን ጊዜ የቆራጩ እጅ ወደ ታች ይወርዳል። ከታችኛው ሳጥን የወጣ አንድ ፍሬም በባትሪ ብርሃን ብታዩት መሐሉ በእጭ የተሞላ ነው። በእጩ ዙሪያ የአበባ ዱቄት የታጨቀባቸው ቢጫና ብርቱካናማ ቀዳዳዎች አሉ። ከዚያ በላይ፣ ወደ ፍሬሙ ራስና ማዕዘን፣ ቀስት ሠርቶ የተጋደመ ማር ይታያል። ቢላዋው ያንን ማር ፍለጋ ሲገባ ድንበር አይጠብቅም። ነጫጭ እጮች ከማር እንጀራው ጋር ተቆርጠው ባልዲው ውስጥ ይወድቃሉ፤ ማሩ ይደፈርሳል፤ ውሎ ሲያድር አረፋ ያነሣል፣ ይኮመጥጣል።

ያ ቀስት የሠራ ማር የንቡ ጓዳ ነው። ሞግዚት ንቦች እጩን የሚመግቡት ከዚያ ማርና ከአበባው ዱቄት ነው። የእጩን ክፍል ሌት ተቀን ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቀው የሚያቆዩትም በዚሁ ስንቅ ጉልበት ነው። ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ አንዲት ሠራተኛ ንብ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ በሥራ ወቅት ደግሞ ዕድሜዋ ከስድስት ሳምንት ብዙም አይዘልም። እንግዲህ በአንድ ሌሊት እጩን ከማሩ ጋር ስንቆርጥ የመጪውን ወር ሠራተኛ ከነስንቁ ማጥፋታችን ነው። አሮጌዎቹ ንቦች በየቀኑ ያልቃሉ፤ ተተኪ ግን አይፈለፈልም።

ይህ በየትም ቢሆን ጎጂ ነው፤ በምዕራብ ዓባያ ደግሞ ይብሳል። ዝናባችን ሁለት ጊዜ ነው። የበልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጥቅምት። ማራችንም ሁለቱን ዝናቦች ተከትሎ ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ምድሩ ይደርቃል፤ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ንቡ ለመቀሰም ከሚበርረው ይልቅ ውኃ ለማመላለስና ቀፎውን በክንፉ ለማራገብ የሚያጠፋው ጉልበት ይበዛል። “ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ያብባል፣ ንቡ በምን ይራባል?” የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በመስኖ የለማው የሙዝ ማሳ ለንቡ ጣፋጭ ፈሳሽ መስጠቱ አይካድም። የምንተክለው የሙዝ ዓይነት ግን የአበባ ዱቄት እምብዛም የለውም፤ ያለ አበባ ዱቄት ደግሞ እጭ አያድግም። ማንጎው ሲያብብ ንቡን ይደግፋል፤ ሽፈራውም እንዲሁ። ሆኖም እነዚህ ብቻቸውን ተጠራርጎ የተቆረጠ ቀፎ አያሻግሩም።

ለንብ ስንቅ መተው እንደሚገባ በብርድ አገር ያሉ አናቢዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ለአንድ ኅብረ ንብ ከ15 ኪሎ በላይ ማር ቀፎው ውስጥ መተው የተለመደ ነው፤ ማር ካነሰም ስኳር በጥብጠው ይሰጣሉ። እኛ በረዶ ስለሌለን ንባችን የረሃብ ወቅት የለውም ብለን እናስባለን። የእኛ ንብ የረሃብ ወቅት በጋው ነው። ልዩነቱ የአውሮፓ ንብ ሲራብ እዚያው ቀፎው ውስጥ ማለቁ፣ የእኛ ንብ ግን ተነሥቶ መሄዱ ነው። ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፤ የቀረው እጭ ይፈለፈላል፤ ንቦቹ የተረፈችውን ማር ጠጥተው አንድ ቀን ይነሣሉ። ስለዚህ “ንቡ ከዳኝ” የምንለው ነገር ትክክል አይደለም። ስንቁን የወሰድንበት ንብ ስንቅ ፍለጋ ሄደ እንጂ አልከዳም።

ባለፈው የካቲት ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀፎዎች ከፈትን። አንደኛው በኅዳር እስከ ታች የተቆረጠ ነበር። ከዐሥሩ ፍሬም በሦስቱ ላይ ብቻ ንብ አለ፤ የታሸገው እጭ መዳፍ አያክልም፤ በዳሩ እንጀራ ላይ የሰም ትል ድሩን አድርቷል፤ ማር የሚባል የለም። በሁለተኛው ከታችኛው ሳጥን ምንም አልተነካም ነበር። የዳርና ዳሩ ፍሬሞች ማራቸው ተጋምሶ ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን ንግሥቲቱ ሥራዋን አላቋረጠችም። ሁለቱም በአንድ የማንጎ ጥላ ሥር ነበሩ። ሙቀቱም ያው፣ ጉንዳኑም ያው፣ ዘሩም ያው ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ጥፋት ዘመናዊ በምንለው ቀፎ ላይ መድረሱ ነው። በዛፍ ላይ በሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ንቡ እጩን ወደ መግቢያው፣ ማሩን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ የለመደ ቆራጭ ከኋላ ጀምሮ እጭ ሲያይ ያቆማል። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1851 እ.ኤ.አ. ንብ በእንጀራ የማይዘጋውን ጠባብ ክፍተት ልብ ብሎ ተነቃናቂ ፍሬም ያለውን ቀፎ የሠራው እጩን ሳይጎዱ ማሩን ለማውጣት ነው። የሁለቱ ሳጥኖች ትርጉምም ይኸው ነው፤ ታችኛው የንቡ፣ ላይኛው የሰው። እኛ ግን ቀፎውን ተቀብለን ሐሳቡን ሳንቀበል ቀርተናል።

ጥፋቱን በአናቢው ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ነጋዴው በኪሎ ይገዛል፤ አብዛኛው ማር የሚሄደው ለጠጅ ስለሆነ እጭ ቢቀላቀልበትም ዋጋው እምብዛም አይወርድም። እንዲህ ከሆነ ማን ነው ተጠንቅቆ የሚቆርጠው? ቀፎ አዳዮችም ብዙ ጊዜ ቀፎውን ብቻ ይሰጣሉ። የማር ማውጫ ማሽን (ኤክስትራክተር) ስለሌለ አናቢው እንጀራውን ከፍሬሙ ቆርጦ ያወጣል፤ ንቡም እንደ አዲስ ሰም ይሠራል። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር ይበላል ተብሎ ይገመታል። የንግሥት ማገጃ ስለሌለ ንግሥቲቱ ወደ ላይኛው ሳጥን ወጥታ ትጥላለች፤ ከዚያ የላይኛውም ማር እጭ የተቀላቀለበት ይሆናል። ሪፖርቱስ? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሚጻፈው “ይህን ያህል ቀፎ ተሰራጨ” ነው። በመጋቢት ስንቱ ቀፎ ንብ አለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይሠራም።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

አናቢዎች ሆይ፣ የታችኛውን ሳጥን ማር አንንካ። በኅዳሩ ቆረጣ የላይኛው ሳጥን ካልሞላ ያለውን ወስደን እንብቃ። ታች ስንፈትሽ ከዳርና ከዳር ቢያንስ አራት ማር የያዙ ፍሬሞች ከሌሉ ከላይኛው አውርደን እንተካ። ቆረጣው ሲያልቅ ባዶውን የላይኛውን ሳጥን እናንሣው፤ ጥቂት ንብ ሰፊ ቤት መጠበቅ ስለማይችል የሰም ትል ይገባበታል። የተነሣውን እንጀራ አየርና ብርሃን በሚያገኘው ቦታ አራርቀን እንስቀል። ሳጥኑን መልሰን የምንጭነው ዝናቡ ገብቶ ታች ካሉት ዐሥር ፍሬሞች ሰባቱ ወይም ስምንቱ በንብና በእጭ ሲሸፈኑ ነው። በበጋው ቀፎው ጥላ፣ አጠገቡ ድንጋይ የተደረደረበት የውኃ ሳህን፣ እግሮቹ ሥር ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ይኑረው። ስንቅ ካነሰ ስኳርና ውኃ እኩል ለእኩል በጥብጠን ማታ ማታ ቀፎው ውስጥ እንስጥ፤ የአበባ ዱቄት ሲጠፋ የባቄላ ሽሮ ይረዳል። የማር ሳጥን በተጫነበት ጊዜ ግን ስኳር ፈጽሞ አይሰጥ፤ ያ ማር አይሆንም፣ የሁላችንንም ስም ያጠፋል።

ባለሙያዎች፣ ሥልጠናችሁ አዳራሽ ውስጥ አይለቅ። በኅዳር ቆረጣው ላይ፣ በየካቲት ደግሞ ቀፎው አጠገብ ከእኛ ጋር ሁኑ። ድርጅቶች፣ ከምትሰጡት ቀፎ ቁጥር ቀንሱና በተረፈው ገንዘብ የንግሥት ማገጃ፣ ሰም ማተሚያና ለሰፈር በጋራ የሚያገለግል ኤክስትራክተር ግዙ። የማኅበራት መሪዎች፣ እጭ የነካውን ማር ከጠራው ለይታችሁ በተለያየ ዋጋ ተረከቡ። ዋጋው ሲለያይ እጃችን በራሱ ይጠነቀቃል።

“ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ገንዘብ የቸገረውን ሰው ማር ተው ትለዋለህ?” የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ከኪሱ ይነሣል። ሞልቶ የታሸገ አንድ ፍሬም ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ማር ይይዛል። አራት ፍሬም ቢተው ዐሥር ኪሎ ቢሆን ነው። ንቡ ከሄደ ግን የበልጉ ማር ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ አዲስ መንጋ ቢገባ እንኳ ማር ከመሙላቱ በፊት ሰም ሲሠራና እጭ ሲያሳድግ ወቅቱ ያልፈዋል። ንቡን ይዞ መጋቢት የደረሰ ሰው ሰኔ ላይ ይቆርጣል፤ ባዶ ቀፎ ይዞ የደረሰ ሰው መንጋ ሲጠብቅ ይከርማል። ድሃውን የሚጎዳው እንግዲህ የትኛው ነው?

በመጪው ኅዳር ማንም ሰው በዚህ ወረዳ ከታችኛው ሳጥን እንዳይቆርጥ ማኅበራት በየቀበሌያቸው ይስማሙ። በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ ባለሙያና አናቢ አብረው ይዙሩና ንብ ያላቸው ቀፎዎች ይቆጠሩ፤ ቁጥሩም በስብሰባ ፊት ይነበብ። ከዚያ በኋላ ሪፖርት የሚጻፈው በዚያ ቁጥር ይሁን።

አክባሪያችሁ፣
ከምዕራብ ዓባያ ንብ አናቢዎች አንዱ