የፎገራ ጎርፍ በወንዝ ዳር ክትር ብቻ ይገታልን?

ክረምቱ በነሐሴ ሲበረታ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ደለል ተሸክመው ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ። በዚያው ወቅት የጣና ሐይቅ ሞልቶ ስለሚጠብቃቸው ፍሰታቸው ይገታል፤ ደለሉም የወንዞቹን ወለል ከፍ ስላደረገው ውኃው ዳርቻውን ጥሶ ማሳና መንደር ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው መጥለቅለቅ ከባዱ ምሳሌ ነው።

ጎርፍ ግን ለፎገራ ጠላት ብቻ አይደለም። ሩዝ የተስፋፋው ሜዳው ውኃ የሚተኛበት በመሆኑ ነው፤ ውኃው ሲሸሽም ገበሬው በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ጥፋቱ የሚመጣው ቡቃያው ለቀናት ሙሉ በሙሉ ሲዋጥና የቀበሌ መንገዶች ሲቆረጡ ነው። ያን ጊዜ ከብት መኖ ያጣል፤ ምጥ የያዛት እናትም በቃሬዛ፣ አለዚያም በታንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች።

የወንዝ ዳር ክትር አስፈላጊነቱ አያከራክርም። ነገር ግን ደለሉ እስካልቀነሰ ድረስ ክትሩም ከወንዙ ወለል ጋር አብሮ ማደግ ይኖርበታል፤ በአንድ ቀበሌ ሲጠናከር ውኃው በጎረቤቱ በኩል ይሰበራል። የርብ ግድብ የላይኛውን ፍሰት ይይዛል እንጂ ከግድቡ በታች የሚገባውን አይመልስም። በጉና ተዳፋት እርከን የሚሠራው የፋርጣ ገበሬ እንግዲህ የሚጠብቀው የራሱን አፈር ብቻ ሳይሆን የፎገራን ሩዝም ጭምር ነው፤ የድካሙን ዋጋ ታች ያለው ወረዳ ሊጋራው ይገባል።