የጋዝጊብላ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ፊታችሁ ሲቀርብ

ይድረስ፦ ተማሪዎችን በቃለ መጠይቅ ለምትቀበሉ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን፣ ለቅበላ ኮሚቴ አባላትና ለሬጅስትራር ኃላፊዎች፤ ባላችሁበት።



ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአማራ ክልል፣ ዋግ ኽምራ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ፣ ከአስከተማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። 12ኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆች ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ አብሬያቸው ተቀምጬ አዘጋጃቸዋለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደምትጠይቁና በምን እንደምትመዝኑ አስቀድማችሁ ንገሩን።

አብዛኛው የአገራችን ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ማንም ፊት ቀርቦ ሳይናገር እንደሆነ አውቃለሁ። ብሔራዊ ፈተና ይፈተናል፣ ውጤት ይወጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ቃለ መጠይቅ የሚገጥመው የሥነ ጥበብ ወይም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያመለከተ፣ አንዳንድ የሕክምናና የመምህራን ኮሌጆችን የሞከረ፣ ለነፃ የትምህርት ዕድል የተወዳደረ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የመምረጥ ሥልጣን ወደ እናንተ እየመጣ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ ሌሎቹም መንገዱን ይከተላሉ ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ገና እየተጻፈ ሳለ ካልተናገርን፣ ከጸደቀ በኋላ የምናቀርበው አቤቱታ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል።

ልጁ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያለፈበትን እዩልኝ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ሲዘልቅ ትምህርት ቤቶቻችን ተዘጉ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከግማሽ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 እንኳ ያለፉት 8.4 በመቶ ናቸው። ከዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ አእምሮውን አስመስክሯል። እናንተ ዘንድ የሚመጣው አንደበቱን ሊያስመዝን ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር ልጅ ታላቅ ፊት ሲቆም ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፤ የተጠየቀውን ብቻ በዝግታ ይመልሳል፤ ተቀመጥ ካልተባለ አይቀመጥም። የራሱን መልካምነት የሚያወራ ልጅ ጉረኛ ተብሎ ይገሠጻል። ያሳደጉት እናትና አባት ይህን ጨዋነት ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ ልጁም እናንተን የሚያህል የተማረ ሰው ፊት ሲቀርብ ያለውን ጨዋነት ሁሉ ይዞ ይቀርባል። በመመዘኛ ቅጻችሁ ላይ «በራስ መተማመን» የሚል ረድፍ ካለ፣ አክብሮቱ እዚያ ረድፍ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሆኖ ይመዘገብበታል። የከተማው ልጅ በግል ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ክፍሉ ፊት እየቆመ ሲናገር አድጓል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች እህት ወይም አጎት ቤቱ ድረስ መጥተው አለማምደውታል። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ወንበር ይወዳደራሉ።

ድፍረት የላቸውም የሚለኝ ካለ በነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ወደ ዋግ ይምጣ። ፊታችሁ አንገቷን የምትደፋው ልጅ ለምለሙን ሻደይ ወገቧ ላይ አስራ ከእኩዮቿ ጋር ከደጅ ደጅ ትዞራለች። ግጥም ታወጣለች፤ የሰጣትን ትመርቃለች፤ የነፈጋትን በግጥሟ ትሸነቁጣለች፤ አባወራውም ሥርዓቱ ነውና ይስቃል። ልጅቷ ድፍረቷ የት እንደሚወጣና የት እንደሚከተት የሚያዝ ወግ አላት። የእናንተ ክፍል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የነገራት ሰው ግን የለም።

ስንለማመድ እኔ ፈታኝ ሆኜ እቀመጣለሁ። አንዲት ሕክምና የማጥናት ፍላጎት ያላት ተማሪ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ብላት ስሟን፣ የአባቷን ስምና ቀበሌዋን ተናግራ ዝም አለች። «ጠንካራ ጎንሽስ?» ስላት ወደ ጓደኞቿ ዞር አለች። «ደካማ ጎንሽስ?» ስላት ጭራሽ ግራ ተጋባች፤ ገበናን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር በየትኛው ቤት ይማሩታል? «ሕክምናን ለምን መረጥሽ?» አልኳት። «ወገኔን ለማገልገል፣ ቲቸር።» ይህን መልስ እናንተም ከእያንዳንዱ አመልካች ትሰሙታላችሁና ነጥብ እንደማያሰጣት ገባኝ።

ጥያቄውን ቀየርኩት። «ሰው በቃሬዛ ሲወሰድ አብረሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ቀና አለች። ጎረቤቷ ምጥ ጠንቶባት በሌሊት ስትወሰድ ባትሪ ይዛ ከቃሬዛው ፊት ፊት እየሄደች መንገድ አሳይታለች። ወንዶቹ ሲቀያየሩ ወላዷን ውኃ አቅምሳለች። ምጡ በየስንት ጊዜው እንደሚመለስ አንዲት አሮጊት አስተምረዋት ስትቆጥር ነበር። መኪና መንገድ ደርሰው አምቡላንስ ጠብቀው ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ያለችኝን አልረሳውም፤ ከመንገዱ ይልቅ ሰዓቱን የበላው ቤት ውስጥ «ትወሰድ፣ አትወሰድ፣ ባሏ ይምጣ» እየተባለ የተነጋገሩበት ጊዜ ነው አለችኝ። የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ስለ ሦስት መዘግየቶች ያስተምራሉ፤ አንደኛው ለመሄድ የመወሰን፣ ሁለተኛው የመድረስ፣ ሦስተኛው ደርሶ ሕክምና የማግኘት መዘግየት ነው። እሷ የመጀመሪያውን ከመጽሐፍ ሳታነበው ባትሪ ይዛ በቆመችበት ለይታዋለች። የምትፈልጉት የሕክምና ተማሪ ከዚህች የተለየ ነው ወይ? «ስለ ራስሽ ንገሪን» ብላችሁ ብቻ ብታሰናብቷት ግን የምታገኙት ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ ነው።

ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ ራሱ ልጁን ያነሣዋል ወይም ይጥለዋል። ያደረገውን ጠይቁት፤ ያየውን፣ ያስተዋለውን፣ ችግር ሲገጥመው የመረጠውን። ራሱን እንዲያሞግስ አትጠይቁት።

የቃል ፈተና ለዚህች አገር አዲስ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ሲያወጣ የዋለውን ቅኔ በየኔታ ፊት በቃሉ ይናገራል፤ የኔታ ያርሙታል፣ ይመልሱታል። ነገር ግን ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ በየደረጃው ምን እንደሚጠበቅበት አስቀድሞ ያውቃል፤ ፈታኙም ዓመታት አብሮት የኖረ መምህሩ ነው። እናንተ ልጁን የምታውቁት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚጠበቅበትንም አልነገራችሁትም። የምትመዝኑበት ጊዜ ሲያጥር የምትነግሩት ነገር መብዛት ነበረበት።

በጥቂት ደቂቃ ጭውውት ሰው ይታወቃል የሚል እምነት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሩቅ አገር አንድ ምስክር ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሂዩስተን የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት 50 ተጨማሪ ተማሪዎች እንዲቀበል አዘዘ። ትምህርት ቤቱ ቃለ መጠይቅ አድርጎ 150ውን መርጦ ጨርሶ ስለነበር ቦታውን የሞላው ቀድሞ ካልመረጣቸው አመልካቾች ነው። ኋላ ውጤታቸው ሲነጻጸር፣ በክፍል ትምህርትም በሕሙማን አልጋ ዳርም ቀድመው ከተመረጡት የሚለያቸው ነገር አልተገኘም። ትእዛዙ ባይመጣ ኖሮ እነዚያ 50 ሰዎች ሐኪም ለመሆን አይበቁም እንደተባሉ ይቀሩ ነበር።

ቃለ መጠይቅ ይቅር እያልኩ አይደለም። ወረቀት ብቻውን ሰውን አያሳይም፤ የፈተና ስርቆት ምን ያህል እንዳደከመንም እናውቃለን። የተሻለ መንገድ ስላለ ነው የምሟገተው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳወቁት አሠራር አመልካቹ በተርታ ወደተዘጋጁ ክፍሎች እየገባ አጫጭር ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ በየክፍሉ ያለው ፈታኝ የተለያየ ነው፤ ለሁሉም አመልካች የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የአንድ ፈታኝ ፍቅር ወይም ጥላቻ ብቻውን አይወስንም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የናሙና ጥያቄዎችን፣ መምህራኑ በመልሱ ውስጥ ምን እንደሚፈልጉ ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር በይፋ ያወጣል። የናሙና ጥያቄ መውጣቱ ደረጃን ያወርዳል ብዬ አላምንም።

ቋንቋን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ከልጆቻችን ውስጥ በቤታቸው ኽምጥኛ የሚናገሩ አሉ፤ አማርኛ ሁለተኛቸው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛቸው ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታን መመዘን መብታችሁ ነው፤ በጽሑፍ ለብቻው መዝኑት። ልጁ የሚያስበውን ለማወቅ በምትጠይቁት ላይ ግን በአማርኛ እንዲመልስ ፍቀዱለት። በአንድ ጊዜ እያሰበም እየተረጎመም የሚመልስ ሰው ካሰበው ግማሹ እንኳ አይሰማለትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ልጅ ክፍል ውስጥ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ከየት ነህ?» ይባላል። ጠያቂው በቅንነት ሊሆን ይችላል። በዛሬዋ ኢትዮጵያ ግን ይህ ጥያቄ ቅን ሆኖ አይሰማም። ልጁ መልሱ ይጠቅመኝ ይሆን ይጎዳኝ ብሎ ያሰላል፤ የፈታኙን የንግግር ቃና ይሰልላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ሁሉ ከዚያ ስሌት ጋር ይያያዛል። ከወደቀ ደግሞ በችሎታው መውደቁን አያምንም፤ ወላጆቹም አያምኑም። አማላጅና ዘመድ ገባ የሚል ሐሜት የሚበቅለው ነጥብ በጽሑፍ በማይሰጥበት፣ ምክንያት በማይነገርበት ቦታ ነው። የትውልድ ቦታን፣ የአባትን ሥራ፣ ሃይማኖትን አትጠይቁ። እያንዳንዱ ፈታኝ ከሌላው ጋር ሳይመክር ነጥቡን በየጥያቄው ይጻፍ፤ የወደቀ ልጅም ነጥቡን የማየት መብት ይኑረው። ይህ እናንተንም ከሐሜት ይጠብቃችኋል።

ከዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማስታወቂያ በቴሌግራም ተለጥፎ ከቀናት በኋላ ቅረቡ ሲባል፣ የጋዝጊብላ አባት ፍየል አውጥቶ ገበያ እስኪያደርስ የቃለ መጠይቁ ቀን ያልፋል። መንገዱ የሚዘጋበት ሳምንት አለ። ልጁ ከደረሰም የሚያድርበት ዘመድ ይፈልጋል፤ እንቅልፍ ሳይጠግብ ፊታችሁ ይቀመጣል። ብሔራዊ ፈተናን በየዩኒቨርሲቲው ማስፈተን የቻለች አገር ቃለ መጠይቅንም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ላይ ማድረግ አያቅታትም። ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ ስጡ፤ መምጣት ላልቻለ በስልክ ወይም በቪዲዮ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሆኖ እንዲጠየቅ ፍቀዱ።

ብዙዎቻችሁ የሰቆጣን ስም የምታውቁት በ«ሰቆጣ ቃል ኪዳን» እንደሆነ እገምታለሁ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ሲገባ በዚህች ከተማ ስም ጠራው። በዚያ ዓመት የተወለዱት ልጆቻችን ከዓመታት በኋላ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳሉ። ያኔ ምግብ ለቁመታቸው እንዲበቃ ቃል የተገባላቸው ልጆች፣ ነገ እናንተ ዘንድ ሲቀርቡ ስለ አእምሯቸው የተጻፈ ደንብ ይፈልጋሉ።

የናሙና ጥያቄዎቻችሁንና የነጥብ አሰጣጡን በሁለት ገጽ አትማችሁ ወደ ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ ላኩልን። በኢንተርኔት ብቻ አትልቀቁት፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሁን። ከመጪው ዓመት የቅበላ ማስታወቂያ በፊት ይድረሰን። ማባዛቱ፣ ወደየትምህርት ቤቱ ማድረሱና ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ መለማመዱ የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው፤ ጀምረነዋልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
አስከተማ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ