ስልካችሁ «ፍላሽ» ሲደረግ የሚጫነው ፋይል ከየት መጣ?

ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዊንጌት እስከ ሩፋኤል፣ ጉለሌ ውስጥ የሞባይል ጥገና ቤት የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ስልኩ ሃንግ ካደረገ፣ ሎጎ ላይ ከቆመ፣ ፓተርኑ ከተረሳ ወይም ማስታወቂያ በራሱ ጊዜ እየተከፈተ ካስቸገረ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሶፍትዌር ነው፣ ፍላሽ ይፈልጋል።» ስልኩን ሰጥታችሁ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ስልኩ እንደ አዲስ ቋንቋ ምረጡ ይላችኋል። ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ።

(ፍላሽ ስንል ፊልም የምንገለብጥባትን ፍላሽ ዲስክ አይደለም። የስልኩን ሲስተም አጥፍቶ በኮምፒውተር እንደገና መጫንን ነው።)

የዛሬ አስር ዓመት ቢሆን ይሄ ብዙም የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። የሚጠፋው ዘፈን፣ ፎቶ እና ስልክ ቁጥር ነው። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስልካችን ቦርሳችን ሆኗል። የባንክ አፑ እዚያ ነው፣ ኤምፔሳ እዚያ ነው፣ የፋይዳ ቁጥራችን ስክሪንሾት እዚያ ነው፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣውም በዚያው ስልክ ኤስኤምኤስ ነው። ስለዚህ «ፍላሽ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የሚጫነው ፋይል የማን ነው? ከየት መጣ? ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ደንበኛ እስካሁን ብዙም አላየንም።

መጀመሪያ ሪሴትና ፍላሽ አንድ እንዳልሆኑ እንለይ። ሪሴት ማለት ተከራይ ዕቃውን አውጥቶ ቤቱ ሲጠረግ ነው። የእናንተ ፎቶ፣ አፕ፣ አካውንት ይወጣል፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። ፍላሽ ግድግዳውን ራሱን አፍርሶ እንደገና ማቆም ነው። ግድግዳው ውስጥ ችግር ካለ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠርጉ አይወጣም። አዲሱ ግድግዳ ሲሠራ ደግሞ ጭቃው ከየት እንደመጣ ማወቅ የእናንተ ጉዳይ ነው።

ይሄ ተረት አይደለም፣ አገራችን ውስጥ የታየ ነገር ነው። ነሐሴ 2012 ላይ አፕስትሪም የተባለ መቀመጫው ለንደን የሆነ የሞባይል ደህንነት ኩባንያ እና በዝፊድ ኒውስ አንድ ሪፖርት አወጡ። ቴክኖ ደብልዩ 2 የሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ሁለት ማልዌሮች ተገኙ። ሰው ከኢንተርኔት ያወረዳቸው አይደሉም፣ ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ አብረው የመጡ ናቸው። አፕስትሪም እ.ኤ.አ. ከማርች 2019 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የተነሱ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን ማገዱን ተናገረ። ማልዌሮቹ የተገኙባቸው ደብልዩ 2 ስልኮች ብቻ 53,000 ነበሩ። አብዛኛው እንቅስቃሴ የታየው በአምስት አገሮች ነው፤ ግብፅ፣ ጋና፣ ካሜሩን፣ ደቡብ አፍሪካ እና ኢትዮጵያ።

የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ምን አለ? ስልኮቹ ላይ ማልዌሩ እንደነበር አመነ፣ ጥፋቱን ግን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ስሙን ባልጠቀሰው አቅራቢ ላይ አደረገ። ለሁለቱም ማስተካከያ መልቀቁንም ገለጸ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሰበብ ላይሆን ይችላል። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ትሪያዳ ባወጣው ጽሑፍ፣ የስልክ አምራቾች በፊት መክፈትን የመሰለ ነገር እንዲሠራላቸው ሲስተማቸውን ለሌላ ኩባንያ እንደሚልኩና ማልዌሩ የሚገባው እዚያ እንደሆነ አስረድቷል። ማለት ፋብሪካው እንኳን ሲስተሙን በሌላ ሰው እጅ ሲያሳልፍ ችግር ይገባል።

እነዚህ ማልዌሮች የሚሠሩት ሥራ ለእኛ በጣም የሚገባን ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ በጀርባ ማስታወቂያ ይነካሉ፣ በክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች ላይ ይመዘግባሉ፣ ክፍያው ከአየር ሰዓት ይቆረጣል። ካርድ ሞልታችሁ ሳትደውሉ ሲያልቅ ምን ትላላችሁ? «ቴሌ በላብኝ!» እኛም እንላለን። ከማናውቀው አጭር ቁጥር «ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ሲመጣም የምንወቅሰው ያንኑ ነው። አንዳንዴ ግን የበላው የራሳችሁ ስልክ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ኤክስሄልፐርን ታዋቂ ያደረገው ሪሴት አለመፍራቱ ነው። አፑን ብታጠፉት ይመለሳል፤ ስልኩን ሪሴት ብታደርጉትም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020 ላይ ካስፐርስኪ እንዴት እንደሆነ አሳየ። ማልዌሩ በተለይ አንድሮይድ 6 እና 7 ላይ የሩት ሥልጣን ይይዝና ራሱን ሲስተም ክፍሉ ውስጥ ይደብቃል፣ ማለት ግድግዳው ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ፍላሽ ነው አሉ። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመሩበት፦ አንዳንድ ስልኮች ላይ ፈርምዌሩ ራሱ ማልዌር አብሮት አለ፣ ያንኑ ፈርምዌር መልሶ መጫን ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ፍላሽ መድኃኒትም በሽታም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ፋይሉ ነው።

ጠጋኞቻችን ፋይሉን ከየት ያመጣሉ? እዚህ ጋ እነሱን ለመውቀስ እንዳልሆነ ይታወቅልን። አንድ ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ብዙ ጊጋባይት ነው፣ በሞባይል ዳታ ማውረድ ወጪ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዳውንሎዱ ግማሽ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ያወረደውን ሌላው ይገለብጣል፣ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ፣ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቴሌግራም ቻናል ይዞራል። ጉግል የፒክስል ስልኮቹን ፋይል በራሱ ድረ ገጽ በይፋ ያስቀምጣል፣ ሻኦሚም ለብዙ ስልኮቹ እንዲሁ። እኛ ሰፈር የሚበዙት ርካሽ ስልኮች ጋ ስንመጣ ግን ጠጋኙ በብዛት የሚደርሰው ማን እንደሚያስተዳድረው ከማይታወቅ ሦስተኛ ወገን ድረ ገጽ ላይ ነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ግን እሱም በዓይኑ አያየውም።

ሌላው ሰው ዘግይቶ የሚደነግጥበት ነገር ዳታ ነው። «ፎቶዎቼን ከፍላሽ በኋላ መልሱልኝ» የሚል ሰው ጥገና ቤት አይጠፋም። ድሮ አንዳንዴ ይቻል ነበር። አንድሮይድ 10 ይዘው ከወጡ ስልኮች ወዲህ ግን ዳታ መቆለፍ ግዴታ ሆኗል፤ ፎቶው የተቀመጠው በቁልፍ ተመስጥሮ ነው፣ ስልኩ ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ቀሪው ፍርስራሽ ቢገኝ እንኳ አይነበብም። ስለዚህ «እናወጣልሃለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። ቴሌግራም ቁጥራችሁ እስካለ ይመለሳል፣ ሲክሬት ቻት ግን አይመለስም። ዋትስአፕ ባክአፕ ካላደረጋችሁ የለም።

ጂሜይል ላይ ደግሞ የራሳችን የሆነ ችግር አለ። ስልክ ስንገዛ የሸጠልን ልጅ ራሱ ፈጠን ብሎ ጂሜይል ከፍቶ ፕሌይስቶር አስገብቶ ይሰጠናል። ፓስወርዱን አንጠይቅም። በተለይ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ስልክ ስንገዛ እንዲህ ነው የምናደርገው። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) አንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ግን ስልኩ በሪከቨሪ ወይም በኮምፒውተር ሲጠፋ ያን የድሮ ጂሜይል ይጠይቃል። የስርቆት መከላከያ ነው፣ ኤፍአርፒ ይባላል። ቁልፉ የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ላይ ስለሆነ ፍላሽ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያነሳውም። ጉግል አንድሮይድ 15 ላይ ደግሞ ይበልጥ አጥብቆታል። እናላችሁ የራሳችሁን ስልክ ለማስከፈት ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። ስልኩ እየሠራ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት አካውንቱን ሴቲንግ ገብታችሁ አውጡት፣ የማታውቁት ጂሜይል ከሆነ ዛሬውኑ የራሳችሁን ክፈቱ።

የአይኤምኢአይ ነገር ደግሞ አለ። *#06# ስትመቱ የሚመጣው 15 አሃዝ ነው፣ ኔትወርኩ ቀፎውን የሚያውቀው በዚህ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር ሁላችንም ይህን ቁጥር ተምረናል። ሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ስልኮች ላይ (አብዛኞቹ ቴክኖና ኢንፊኒክስ እንዲህ ናቸው) ይህ ቁጥር ኤንቪራም በሚባል ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ጠጋኙ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ላይ «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚል ምርጫ አለ፣ «ፎርማት ኦል» የሚልም አለ። ሁለተኛው ሁሉንም ጠራርጎ ኤንቪራሙንም ይወስዳል። ስልኩ ይነሳል፣ ያምራል፣ ግን ሲም አይሠራም። ዋይፋይ ዝርዝሩ ላይ «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል እንግዳ ስም ካያችሁ ምን እንደተደረገ አወቃችሁ ማለት ነው። የራሳችሁን ቁጥር ከካርቶኑ አይቶ መመለስ ጥገና ነው። የሌላ ስልክ ቁጥር መጻፍ ግን የተሰረቀ ስልክ የሚሸፈንበት መንገድ ነው፣ «ምንም አይደለም» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ካርቶኑን አትጣሉ፣ ወይ ፎቶ አንሱት።

አዲስ አፕዴት ስልኩን ስላንቀራፈፈው «ወደ ድሮው መልሱልኝ» የሚሉም አሉ። ወደ ኋላ መመለስ ወደ ፊት እንደመሄድ አይደለም። የድሮው ሲስተም በአዲሱ የተጻፈውን ዳታ ማንበብ ስለማይችል መጥፋቱ አይቀርም። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ቡትሎደሩ ከፍ ካለ ወደታች አይወርድም፣ በጉልበት መሞከር ስልኩን ሊገድለው ይችላል። በዚያው ሳምሰንግ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ነገር አለ። ፈርምዌሩ ውስጥ «ሲኤስሲ» እና «ሆም ሲኤስሲ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ፤ የመጀመሪያው ዳታችሁን ያጠፋል፣ ሁለተኛው ያቆያል። ሎጎ ላይ ለቆመ ሳምሰንግ መጀመሪያ በ«ሆም» እንዲሞከር መጠየቅ መብታችሁ ነው። እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ ጠጋኙ በሌላ ዓይን ያያችኋል፣ ሞክሩት።

ለመሆኑ ሁሉም ችግር ፍላሽ ይፈልጋል? በእኛ ግምት አይፈልግም። የሞላ ሚሞሪ፣ የደከመ ባትሪ፣ ከፕሌይስቶር ውጪ የተጫነ አንድ መጥፎ አፕ፣ እነዚህ ሁሉ ስልክ ያንቀራፍፋሉ፣ አንዳቸውም የግድ የሲስተም ቅየራ የሚፈልጉ አይደሉም። ፍላሽ ግን ፈጣን ነው፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ምርመራ ላይ ግማሽ ሰዓት ለሚያጠፋ ልጅ የሚከፍል ደንበኛ ስለሌለ ልጁም ወደሚያዋጣው ይሄዳል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው።

ፍላሹ የግድ ከሆነ ስልኩን ስትረከቡ ሳትወጡ እዚያው አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሳ «ኦሬንጅ ስቴት» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ቡትሎደሩ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ሲስተሙን ማንም ቢነካካው ስልኩ አያስቆመውም ማለት ነው። ከዚያ ፕሌይስቶር ሴቲንግ፣ አባውት ውስጥ የፕሌይ ፕሮቴክት ሰርቲፊኬሽንን እዩ፤ «ሰርቲፋይድ» ካላለ ቴሌብር አትክፈቱበት። ሲም ካርዳችሁንም ከስልኩ ጋር አትተዉ፤ ጠጋኙ ሲም ለመሞከር ከፈለገ የራሱ አለው። ፒን ከጠየቃችሁ ደግሞ ለስልኩ መክፈቻ እንጂ ለቴሌብር ፒን ምንም ምክንያት የለውም።

ሸክሙን ሁሉ በእኛና በጠጋኙ ላይ መጣል ግን ትክክል አይመስለንም። ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ኢትዮጵያ ስልክ ይገጣጥማል፣ አማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣ ድርጅት ነው፣ ካርልኬር የሚባል የጥገና ማዕከልም አለው። የሚሸጣቸውን ስልኮች ንጹህ ፈርምዌር ለሰፈር ጠጋኝ በነጻ መልቀቅ ለእንዲህ ዓይነት ኩባንያ ከባድ አይደለም። ሌሎቹም አምራቾች እንዲሁ። መንግሥትም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 አጽድቋል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ስለ ትላልቅ ድርጅቶች ብዙ ይላል። አዲሱ ገበያ ያለች አንዲት ጥገና ቤት መሳቢያ ውስጥ ፓተርናቸው በወረቀት ተጽፎ የተለጠፈባቸው ሃያ ስልኮች ሲያድሩ ግን ማን ነው የሚጠየቀው? ባለሥልጣኑ ለጥገና ቤቶች የሚሆን ግልጽ መመሪያ ቢያወጣ እና ከአምራቾቹ ጋር ፋይል የሚወርድበት አንድ የታወቀ ቦታ ቢያስከፍት፣ ጠጋኞቹ ራሳቸው የመጀመሪያ ተጠቃሚ ይሆናሉ፤ ፋይል ፍለጋ ሌሊቱን የሚያድሩት እነሱ ናቸውና።