ጎመኑ ከየት መጣ?

የወሩ ደመወዝ እጅ እንደገባ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ገበያ ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የታክሲ ተቀንሶ በቀረችው ብር አስቤዛ የምትገዛ እናት ርካሽ ብትፈልግ የሚያስወቅሳት አይደለም። ሆኖም ርካሽ ሁሉ ቁጠባ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ባለፈው ሳምንት አቃቂ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ከጉልት ነጋዴ ፊት ቆመው፣ «እህቴ፣ ይሄ ጎመን ከየት ነው የመጣው?» ብለው ጠየቁ። ነጋዴዋም፣ «እትዬ፣ ጎመን ከመሬት ነዋ የሚመጣው! ይልቅ ለምለምነቱን ይዩልኝ» አለቻቸው። በአጠገቡ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክሞ የሚወርድ ነው። በዚሁ ውኃ በዳርቻው የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን በተለያዩ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የተባሉትን ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ደህና አድርጎ ማጠብ አፈሩን ያስወግዳል፣ ተውሳኩንም ይቀንሳል፤ ሥሩ መጥጦ ወደ ቅጠሉ ያሳለፈውን ብረት ግን አያወጣም። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አእምሮ ነው።

ይህ ማለት ጎመን ከገበታችን ይውጣ ማለት አይደለም። ጎመን ለሰውነት እጅግ ጠቃሚና ኪስን የማይጎዳ ምግብ ነው። የሚሻለው ደንበኛ መያዝ፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ በእሑድ ገበያም አምራቾች ራሳቸው ከሚያቀርቡት መግዛት ነው። ግቢ ያላት ደግሞ ከወንዙ ዳር ባልመጣ አፈር በተሞላ ጆንያ ውስጥ ጥቂት እግር ጎመን ተክላ በቧንቧ ውኃ ብታጠጣ፣ ምንጩን ማንንም ሳትጠይቅ ታውቃለች።

የሽሮውም ነገር እንዲሁ ነው። ተፈጭቶ በጣም ረክሶ የሚሸጥ ሽሮ ጓያ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ከአተሩ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አተሩን፣ ባቄላውን ወይም ሽምብራውን በጥሬው ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ማስፈጨት ይመረጣል። ለአንድ ቤት ወጪው ከከበደ ሁለትና ሦስት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በጋራ ቢገዛ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሥጋ ባይገዛ ቤተሰብ ይራባል ብሎ መጨነቅም አያስፈልግም። እንጀራ ከምስር ወይም ከሽሮ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ቃሪያ ወይም ጥቂት ሎሚ ሲጨመርበት ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው የብረት ማዕድን ይጨምራል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቡናው ትንሽ ቆየት ብሎ ይፈላ። ለልጆች ለስላሳ መጠጥና ብስኩት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ለእንቁላል ቢውል የተሻለ ነው።

ወንዙን ማጽዳት ከአንዲት እናት አቅም በላይ ነው፤ የመንግሥትንና የፋብሪካዎችን ሥራ ይጠይቃል። መጠየቅ ግን በእጃችን ነው። ጠያቂ ደንበኛ ሲበዛ ነጋዴዋም በተራዋ ያመጣላትን ሰው ትጠይቃለች። እንግዲያው እህቶች፣ ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ከየት ነው?» እንበል።